ቋንጣ የሚደርቀው በነፋስ ነው፦ የፋሮ ደሴቶች ማድረቂያ ቤት በሱሉልታ ጓሮ

ቋንጣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። በርበሬ ይሰጣል፣ ብቅል ይሰጣል፣ ድርቆሽ ይሰጣል፤ ሥጋ ግን ይሰቀላል፤ የሚያደርቀውም በጥላ ውስጥ የሚያልፍ ነፋስ ነው። ይህን ጠንቅቀው ከሚያውቁት መካከል ፀሐይ ብርቅ የሆነችባቸው ሰዎች አሉ። በስኮትላንድ፣ በኖርዌይና በአይስላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ፣ 62 ዲግሪ ሰሜን ገደማ፣ ፋሮ የሚባሉ 18 ደሴቶች አሉ። በጥር ወር ያለው አማካይ ሙቀት 4 ዲግሪ፣ በሐምሌ እንኳ 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ጨው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። በግ ግን ሞልቷል፤ 54 ሺህ ያህል ሰው ባለበት አገር ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ በግ አለ። የአገሩ ስም ራሱ «የበግ ደሴቶች» ማለት ነው ይባላል፤ እስከ ዛሬ የተረፈው ጥንታዊ የሕግ ጽሑፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1298 የተጻፈው «የበግ ደብዳቤ» ነው።

ጨው የለ፣ ማገዶ የለ፣ ፀሐይ የለ። የቀረው ነፋስ ነበርና ነፋሱን የሚያሳልፍ ቤት ሠሩ። ቻትሉር ይሉታል፤ ግድግዳው በቁም ከተመቱና በመካከላቸው ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ከተተወላቸው ጣውላዎች የተሠራ ማድረቂያ ቤት ነው። ይህን ቤት በትንሹ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ቡራዩ ወይም ሆለታ ጓሮ ላይ በአጣናና በጣውላ መሥራት ይቻላል። ለገና ቅርጫ የገባ ቤተሰብ ሥጋውን ዐቢይ ጾምን አሻግሮ ለፋሲካ ማግሥት ሊያደርሰው ቢፈልግ፣ በኛ አስተያየት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ከነሱ የሚወሰደውና የማይወሰደው

ቤቱ ይወሰድ፣ አሰቃቀላቸው ግን አይወሰድ። የፋሮ ሰዎች በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት በጉን አርደው ጭኑን ከነአጥንቱ፣ ያለ ጨው፣ እንዳለ ይሰቅሉታል። መጀመሪያ ራስት የሚሉት ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ቦክቶ ጠንካራ ሽታ ያወጣል ማለት ነው። ከዚያ ከ5 እስከ 9 ወር ተሰቅሎ ሲከርም ሼርፒቾት ይሆናል፤ ሳይበስል በስሱ እየተቆረጠ በዳቦ ይበላል።

ይህ ሱሉልታ ላይ አይሠራም፤ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ ብዙ ሥጋ ያድናል። እዚያ ቀንና ሌሊት የሙቀቱ ልዩነት ትንሽ ነው፤ አየሩም ከባሕር የሚመጣ እርጥበት ያለው ነው። ስለዚህ የሥጋው ላይኛ ገጽ ቶሎ አይደርቅም፤ በውስጡ ያለው ውኃ ቀስ ብሎ የሚወጣበት መንገድ ክፍት ሆኖ ይቆያል። እኛ ዘንድ በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ እስኪጥል ይቀዘቅዝና እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪን ያልፋል፤ አየሩም ደረቅ ነው። ሙሉ ጭን ቢሰቀል ላዩ በሁለት ቀን እንደ ቆዳ ይደድራል፤ ውስጡ ያለው ውኃ መውጫ ያጣል፤ አጥንቱ ዙሪያ ያለው ሥጋም በቀኑ ሙቀት መበላሸት ይጀምራል። ከውጭ ሲያዩት ያማረ ይመስላል፣ ቢላ ሲገባበት ይገማል። ስለዚህ ቤቱ የነሱ፣ ዝልዝሉና ጨው የኛ ይሁን። ደረቅ አየር ለስስ ዝልዝል ትልቅ ሀብት ነው፤ ለወፍራም ሥጋ ግን ጠላት ነው።

ቤቱ

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ነፋሱን እዩ። አንድ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የላስቲክ ቁራጭ አስራችሁ ሦስት ቀን ያህል ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ወዴት እንደሚያመለክት ተመልከቱ። በበጋ አዲስ አበባ ዙሪያ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ በኩል ይነፍሳል፤ ነገር ግን የጎረቤት ግንብ፣ የባሕር ዛፍ መስመር ወይም ኮረብታ ሊያጣምመው ስለሚችል የጓሮው ማስረጃ ይበልጣል። ከመጸዳጃ ቤት፣ ከከብት በረትና ከፍግ ክምር ቢያንስ 20 ሜትር ይራቅ። ኮረኮንች መንገድ ዳር አይሁን፤ የበጋ አቧራ በበርበሬ የተለወሰ ሥጋ ላይ ከተጣበቀ በምንም አይለቅም።

መጠኑ ከሰሜን ወደ ደቡብ 1 ሜትር ከ20፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ይበቃል። ለምሰሶ 2 ሜትር ተኩል የሆኑ አራት ቀጥ ያሉ አጣናዎች ልጣችሁ፣ የሚቀበረውን 50 ሳንቲ ሜትር እሳት ላይ አዙራችሁ ከሰል እስኪመስል ለብልቡት፤ ምስጥ ይሸሸዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ለአጥር ደህና ነው፤ እዚህ ግን ሽታው ሥጋው ውስጥ ይገባል። ወለሉን ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ ከሥሩ ጠጠር ድፉበት።

ነፋስ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ማለትም የምሥራቁና የምዕራቡ ግድግዳ፣ በጣውላ ይመታል። ጣውላው 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ በመካከሉ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት ይተው፤ ለአንዱ ግድግዳ 12 ወይም 13 ጣውላ ይሄዳል። ጣውላው በቁም መመታት አለበት። በአግድም ከተመታ ዝናብና አቧራ እያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ በቁም ሲሆን ግን ወርዶ መሬት ይገባል። የመጋዝ ቤት የጠርዝ ጣውላ ርካሽ ነው፣ ይሆናልም፤ ቅርፊቱን ግን ላጡት፤ ነፍሳት እንቁላል የሚጥሉት እዚያ ሥር ነው። በበጋ የቀትር ፀሐይ ከደቡብ በኩል ስለሆነች የደቡቡ ግድግዳ ድፍን ይሁን፤ ጭቃ መምረግ ይቻላል። የሰሜኑ ግድግዳ በር ይያዝበት።

ጣሪያው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባዶ ቆርቆሮ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ከላይ የተሰቀለው ሥጋ ይለበለባል። የፋሮ ሰዎች ጣሪያቸውን በሣር የተሸፈነ አፈር ያለብሱታል፤ እኛ ከቆርቆሮው ሥር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰንበሌጥ ወይም ጭድ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀን ብናስር ያንኑ ያህል ይሠራል። ክፈፉ በአራቱም በኩል 40 ሳንቲ ሜትር ይውጣ።

ከጣውላው በስተውስጥ የመስኮት የትንኝ ወንፊት ይወጠር፤ ዝንብ ካልገባ ግማሹ ችግር ተወግዷል። ወንፊቱ አቧራ ሲይዝ ነፋስ ያግዳልና ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ይቦረሽ። በሩ በደንብ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ ይኑረው። ከከተማው ወጣ ባሉት ሰፈሮች ቀን ጭልፊትና ቁራ፣ ሌሊት ድመትና ጅብ አሉ፤ ጅብን የሚጠራው የደም ሽታ ስለሆነ ሥጋ የተዘለዘለበት ውኃ ጓሮ አይደፋ፣ ጉድጓድ ይግባ።

ውስጡን፣ ሥጋው የሚሰቀልባቸው የተላጡ እንጨቶች ነፋሱን አቋርጠው፣ ማለትም ከሰሜን ወደ ደቡብ ይጋደሙ። እንጨቶቹ ከነፋሱ ጋር አንድ አቅጣጫ ከያዙ የፊተኛው ዝልዝል የኋለኛውን ይከልለዋል። ከመሬት 1 ሜትር ከ70 ላይ አምስት፣ 1 ሜትር ላይ ደግሞ አምስት ይደርደሩ። አዲስ ሥጋ ሁልጊዜ ከታች፣ የጀመረው ከላይ ይሁን፤ እርጥቡ ከላይ ከሆነ ጠብታው የደረቀውን ያበላሻል።

እንጨት የሚወደድበት፣ ድንጋይ ግን የሚገኝበት ቦታ ሌላ ምሳሌ አለ። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ባለችው ሴንት ኪልዳ፣ ኺርታ በምትባለው ዋና ደሴት ላይ፣ ክሊት የሚባሉ ከ1,200 በላይ ትንንሽ የድንጋይ ጎጆዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ድንጋዩ ያለ ጭቃ ስለተደረደረ ነፋስ በስንጥቁ ይገባል፤ ጣሪያው በሣርና አፈር ስለተሸፈነ ዝናብ አይገባም። ነዋሪዎቹ የባሕር ወፍ ሥጋ፣ እንቁላልና ማገዶ ያኖሩበት ነበር። የመጨረሻዎቹ 36 ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1930 ደሴቲቱን ለቀው ወጡ፤ ጎጆዎቹ ግን ቀሩ። የድንጋይ ካብ የሚያውቅ ሰው በዚህ መንገድ ቢሠራ ከጣውላው ይበልጥ ዕድሜ ያለው ቤት ይኖረዋል።

ሥጋው

በዓይን ሲታይ የታመመ ከብት፣ ወይም ሳይታረድ የሞተ፣ ለቋንጣ አይሁን። አባ ሰንጋ በጨውም በማድረቅም አይሞትም። የቅርጫው በሬ በእንስሳት ሐኪም ቢታይ ጥሩ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ምስር ወይም አተር የምታክል ፈዛዛ ነጭ ከረጢት ከታየ የኮሶ ትል እጭ ነውና ያ ሥጋ ለቋንጣ አይውልም።

የሚፈለገው ቀይ ሥጋ ነው፤ ታላቅ ይመረጣል፣ ወርችም ይሆናል። ሻኛና ፍሪምባ ለሌላ ወጥ ይቆዩ፤ ጮማ ውኃ ስለሌለው አይደርቅም፣ ይቆይና ይኮመጥጣል፤ የቋንጣን ጣዕም የሚያጠፋው በአብዛኛው ሳይነሳ የቀረ ስብ ነው። ሥጋውን አትጠቡት። ሊያወጡት የሚደክሙበትን ውኃ መልሶ መጨመር ነው።

ጠዋት የታረደው ከሰዓት በኋላ ይዘልዘል፣ ማታ ይሰቀል። ማታ መስቀል የሚመረጠው ዝንብ ስለሌለና ብርዱ ሥጋውን ስለሚጠብቀው ነው፤ እስኪነጋ ድረስ ላዩ ይጠወልጋል፤ ጠዋት የሚመጣ ዝንብ እርጥብ ቦታ አያገኝም። እዚህ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት የቀሩትን ቀናት ይወስናሉ።

ዝልዝሉ የሥጋውን ጭረት ተከትሎ ይውረድ፤ ጭረቱን ካቋረጠ በራሱ ክብደት ይበጠሳል። ውፍረቱ ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ ገደማ ይሁን። ከሁሉም በላይ እኩልነቱ ይጠበቅ። አንድ ጫፍ ስስ ሌላው ወፍራም ከሆነ ስሱ ደርቆ ሲሰበር ወፍራሙ ገና ደም ይይዛል።

ለ1 ኪሎ ሥጋ 25 ግራም ጨው፣ ማለትም ልኩ የተላገ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ይበቃል። ጨዉን ብቻውን አሽታችሁ ዘንበል ባለ ትሪ ላይ ሁለት ሰዓት ተዉት፤ ቀይ ውኃ ያወጣል፣ ይፍሰስ። በርበሬው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለኪሎ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ መለወስ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጨው ያወጣው ውኃ በርበሬውን ሊጥ ያደርገዋል፣ ሊጡም ሥጋውን ይለጥፈዋል።

ዝልዝሉን እንጨቱ ላይ አጥፋችሁ አታንጠልጥሉ። እጥፉ ሥር ነፋስ አይደርስም፤ ቋንጣ መሽተት የሚጀምረውም እዚያ ነው። ከጫፉ ሁለት ጣት ገባ ብላችሁ በማይዝግ ሽቦ መንጠቆ ወይም በወፍራም የጥጥ ክር ስቀሉት። በዝልዝልና በዝልዝል መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ይተው፤ ሲነፍስ እንኳ እንዳይነካካ። በዚህ ልክ አምስት እንጨት ያለው አንዱ ደርዝ 10 ኪሎ ያህል በምቾት ይይዛል።

የበግ ሥጋ ማድረቅ የሚፈልግ፣ ወደ ፋሮዎቹ መጠጋት የሚቻለው በዚህ በኩል ነው። የጭኑ አጥንት ይውጣ፣ ሥጋው እንደ መጽሐፍ ይዘርጋ፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል እንዳይወፍር ይሰንጠቅ፤ ላትና ስቡ ተጠርጎ ይነሳ፤ ጨዉ ለኪሎ 30 ግራም ይሁን። ሁለት ጫፉ በተሳለ እንጨት ተወጥሮ ይሰቀላል፤ ከ12 እስከ 15 ቀን ይፈጃል።

ስንት ቀን፣ እንዴትስ ይታወቃል

ከኅዳር እስከ ጥር አጋማሽ ስሱ ዝልዝል ከ5 እስከ 8 ቀን ይወስዳል። የካቲትና መጋቢት ላይ ቀኑ ይሞቃል፣ የበልግ ዝናብም ድንገት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ዝልዝሉ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይለፍ። በሁለተኛው ቀን እያንዳንዱን ዝልዝል ገልብጣችሁ ከሌላኛው ጫፍ ስቀሉት፤ ውኃው ወደ ታች ስለሚወርድ የታችኛው ጫፍ ሁልጊዜ ኋላ ይቀራል።

ግምት አያስፈልግም፤ ሚዛን አለ። ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ዝልዝል መዝኑና ቀይ ክር እሰሩበት። ጥሬ ቀይ ሥጋ ከመቶው 75 ያህሉ ውኃ ነው፤ ስለዚህ 150 ግራም የነበረው ወደ 50 ግራም ሲወርድ ደርቋል። ሚዛን የሌለው ይጠፈው፦ ሲታጠፍ ሳይሰነጠቅ ከተጣጠፈ ገና ነው፤ መጀመሪያ ጎበጥ ብሎ ከዚያ በቃጫው ከተሰነጠቀ ይወረድ። ስንጥቁ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቀይ መታየት የለበትም።

ሲበላሽ

ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ለስልሶ ከቀረ ፀሐይ አግኝቶታል ወይም ነፋሱ በዝቷል። ሽታው ገና ንጹሕ ከሆነ ይድናል፤ ደረቅ ንጹሕ ነጠላ ውስጥ ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩት፤ የውስጡ እርጥበት ላዩን ያለሰልሰዋል፣ ጠዋት ተመልሶ ይሰቀላል። ጎምዛዛ ወይም የበሰበሰ ሽታ ካለው ግን ማዳኛ የለውም፤ በእሳትም በቅመምም አይሞከር።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ላዩ ላይ ሲታይ ብዙዎች ይደነግጣሉ። በእርጥብ ጣት ሲነካ ሟሙቶ ጨው ጨው ካለ ጨው ነው። ጸጉር ያለው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ሻጋታ ነው፣ ይጣል። የፋሮ ሰዎች ሻጋታውን ቦርሸው ይበላሉ ሲባል የሰማ ሰው ያን አይከተል፤ የነሱ ሥጋ በሌላ ሙቀትና በሌላ አኳኋን የከረመ ነው። ሻጋታ እኛ ዘንድ የሚመጣው ዝልዝሎቹ ሲነካኩ ወይም ሁለትና ሦስት ቀን ጉም ሲውል ነው። ጉም ከዋለ ዝልዝሉን አውርዳችሁ ምድጃ ያለበት ማድቤት ውስጥ፣ ከእሳቱ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ትል ከታየ ዝንብ የገባችው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው። ወንፊቱን ፈልጉ፤ የተቀደደ ጥግ አይጠፋም።

ክረምት ላይ

ከሰኔ እስከ መስከረም በነፋስ ብቻ አይሞከርም። ለዚህ ትምህርት የሚሰጡን ከፋሮ በስተደቡብ ምሥራቅ ያሉት የሼትላንድ ደሴቶች ናቸው። ሪስቲት የሚሉት የበግ ሥጋ መጀመሪያ ጨው ውኃ ውስጥ ይከርማል፣ ከዚያ ከማድቤቱ ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ከረግረግ ተቆርጦ በደረቀ የብስባሽ አፈር ጢስ ይደርቃል። በጥር መጨረሻ ማክሰኞ ለርዊክ ከተማ ላይ በሚከበረው የእሳት በዓል የሚቀርበው ሾርባ ከዚህ ሥጋ ይሠራል። የኛ ገጠር ማድቤት ከምድጃው በላይ ቋንጣ ማንጠልጠሉም የዚሁ ወንድም ነው።

ለ1 ሊትር ውኃ 300 ግራም ጨው ይሟሟ። 2 ሳንቲ ሜትር የወፈረ ዝልዝል፣ ድንጋይ ተጭኖበት ሙሉ በሙሉ ተውጦ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አንድ ቀን ከሌሊት ይቆይ። ከዚያ ጠፈፍ ብሎ ጢስ ላይ ከ7 እስከ 10 ቀን ይሰቀል። ጢሱ የወይራ ወይም የግራር ይሁን። ባሕር ዛፍ ዘይታም ነው፤ ሥጋውን መራራ ያደርገዋል። ይህ ሥጋ ጨው ስለበዛበት ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አድሮ ውኃው ይደፋል፤ ሼትላንዶች በድንች ይቀቅሉታል፤ በድንች ወጥም ይሆናል።

ማስቀመጥና ማብሰል

የደረቀ ቋንጣ ከተወረደ በኋላ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይብረድ፤ ሞቅ እንዳለ ከታሸገ ያልባል። ከዚያ በደረቅ የጨርቅ ከረጢት ተደርጎ ከጣሪያ ይንጠልጠል፣ ወይም በታጠነ ደረቅ ማሰሮ አፉ በጨርቅ ታስሮ ይቀመጥ። ፌስታል እርጥበቱን ያፍነዋል። በየሳምንቱ ይከፈት፤ ትንንሽ ጸጉራም ትሎች ወይም ደቃቅ ብናኝ ከታየ ቋንጣው ሁሉ ወጥቶ ይለይ፣ የተነካው ይጣል፣ ከረጢቱም ይቀቀል። 10 ኪሎ ሥጋ 3 ኪሎ ገደማ ቋንጣ ስለሚሰጥ ሁሉንም በአንድ ዕቃ አለማድረግ ይሻላል።

ቋንጣን ጥሬውን መቆርጠም ብንወድም ማድረቅ ብቻውን የኮሶ ትልን እጭ ለመግደል ዋስትና አይሰጥም። ለፍርፍር ሲሆን ቆራርጣችሁ በትንሽ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል ቀቅሉት። ሱሉልታ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ91 ወይም 92 ዲግሪ ነው፤ ትሉን ለመግደል ይበቃል፣ ሥጋውን ለማለስለስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ውኃው ሲመጥ ሽንኩርቱና ቅቤው ይግባ። ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱት፤ ቋንጣው የያዘው ጨው አብዛኛውን ጊዜ ለፍርፍሩ ሁሉ ይበቃል።